ያውቁ ኖሯል? ከማደያው ሥር ያለው ድርብ ቧንቧ

በአሜሪካ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአዲስ የሚቀበር ወይም የሚተካ የማደያ ነዳጅ ቧንቧ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ድርብ መሆን አለበት። ነዳጁ የሚያልፈው በውስጠኛው ነው። እሱ ቢሸነቆር የወጣው ነዳጅ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ወርዶ ከታንከሩ አናት ወይም ከመቅጃ ማሽኑ ሥር ባለ ገንዳ ይጠራቀማል፤ እዚያ ያለው ሴንሰርም ያስጠነቅቃል። አፈሩና የጉድጓድ ውሃው በዚህ ይተርፋሉ።

ገንዳው ራሱ የሚያፈስ ከሆነ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። ስለዚህ ቧንቧን ለመቆጣጠር የሚያገለግል ገንዳ በየ3 ዓመቱ ይፈተሻል። በተለመደው ዘዴ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ከሚገቡበት ቀዳዳ በላይ ድረስ ውሃ ይሞላና 1 ሰዓት ይጠበቃል፤ ውሃው 3 ሚሊሜትር ያህል ከቀነሰ ገንዳው ፍተሻውን አላለፈም። ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው በእነዚያው ቀዳዳዎች ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨው በክፍተቱ ጫፍ ያለው የጎማ መሸፈኛ ነው። ለግፊት ፍተሻ ጠብቆ ይታሰራል፤ ፍተሻው ሲያበቃ ግን መላላት አለበት። ጠብቆ ከተረሳ የፈሰሰው ነዳጅ ገንዳው ጋ አይደርስም፣ ሴንሰሩም ዝም ይላል።

በግፊት በሚሠራ መስመር ላይ ያለው አውቶማቲክ ፍሳሽ ጠቋሚ ደግሞ በየዓመቱ ይፈተሻል። በሰዓት 3 ጋሎን፣ ማለትም 11 ሊትር ያህል የሚያፈስ ቀዳዳን በ1 ሰዓት ውስጥ መለየት ይጠበቅበታል።

ነዳጅ የነካውን የገንዳ ፍተሻ ውሃ ወደ ጎርፍ መውረጃ መድፋት አይገባም።