አካል ጉዳተኛውን ከድጋፉ የሚያገናኘው ማነው?

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ እግሩን ላጣ ገበሬ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩት ነባር ማዕከላት ያሉት በአንድ ወገን ደሴ፣ በሌላው ወገን አዲስ አበባ ነው። ከመሐል ሜዳ ዙሪያም ይነሣ ከግሼ ራቤል ገጠር፣ መጀመሪያ ከመኪና መንገድ የሚያደርሰው ሰው ወይም በቅሎ ይፈልጋል። ከተማ ሲደርስ ደግሞ ልኬቱ ተወስዶ፣ እግሩ ተሠርቶ፣ መራመድ እስኪለማመድ የሚሰነብትበት ማረፊያ ያስፈልገዋል። በዚያው በሰሜን ሸዋ የመርሐቤቴው ሰው ከዓለም ከተማ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። አገልግሎቱ እንግዲህ አገር ውስጥ አለ። እጅግ የሳሳው «እዚህ ሂድ፣ ይህን ወረቀት ያዝ፣ ስትመለስ ቤትህ መጥቼ አይሃለሁ» የሚለው ሰው ነው።

እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ይህ የማገናኘት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የተሃድሶ አማካሪዎች እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ይማሩበታል። ሥራቸው ጉዳት የደረሰበትን ሰው ከሕክምናው፣ ከትምህርቱ፣ ከእንጀራውና ከመብቱ ጋር ማገናኘት ነው። በኢትዮጵያ ሸክሙን የሚጋሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ የልዩ ፍላጎት መምህራን፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ናቸው። የባለሙያው እጥረት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደገና ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ሙያው ሳይተካ አለፈ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ዓመታት የሙያ ሕክምናን (ኦኩፔሽናል ቴራፒን) በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስተማር መጀመሩ ከዚህ አንፃር ትልቅ ነገር ነው።

የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ብቻ አድርጎ መዝግቧቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ሰው ነው። ልዩነቱ ኢትዮጵያውያን ጤነኞች ስለሆኑ የመጣ አይደለም። አጠያየቁ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየውን ሰው ብቻ ያወጣል፤ ከጓዳ ያልወጣ ልጅ ደግሞ አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ሰው በወረዳ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ የጦርነት ጉዳት ተጨምሯል፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘልቋል፤ ከዚያ ወዲህም የአማራ ክልል ከግጭት አላረፈም።

ምክር ሲባል ማጽናናት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን የተግባር ዕውቀትም ነው፤ ክራንችን እንመልከት። የክራንቹ የላይ ጫፍ ከብብት ሥር ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከመው መዳፍ እንጂ ብብት አይደለም። ረዝሞ ብብትን ሲጫን እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ይጎዳል፤ እጅ ይደነዝዛል፣ ሲብስም የእጅ አንጓን ማንሣት ያቅታል። መጨበጫው ሰውየው ቆሞ እጁን ሲያወርድ ከአንጓው ትይዩ ይሆናል፤ ሲጨብጠው ክርኑ ጥቂት ይታጠፋል። ይህን ያወቀ የመሐል ሜዳ አናጢ ከደረቅ ባሕር ዛፍ ደኅና ክራንች ይሠራል፤ የታች ጫፉን ካሮጌ ጎማ ቆርጦ ቢያለብሰው ማንሸራተቱ ይቀንሳል። ሰው ሠራሽ እግርም ክትትል ይፈልጋል። የተቆረጠው እግር በመጀመሪያዎቹ ወራት እየከሳ ስለሚሄድ ማቀፊያው ይሰፋል፣ ያቆስላል። ይህ የሚጠበቅ እንደሆነና ተመልሶ መስተካከል እንዳለበት ያልተነገረው ሰው እግሩን ጥግ ያስቀምጠዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእንጀራ ጥያቄ ነው። መንዝ የበግና ከበግ ጸጉር የሚሠራው የባና አገር ነው። የሸማኔ መርገጫ እግር ይፈልጋል፤ ጸጉር መምረጥና መፍተል ግን የእጅ ሥራ ነው። ችግሩ ፈተላ የሴት ሥራ ተደርጎ መታየቱ ነው። ትናንት ያርስ የነበረ ሰው እንዝርት እንዲይዝ ወይም በበግ ንግድ እንዲሰማራ ማነጋገር፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ ሥራውን እንደገና ማከፋፈል ይጠይቃል። በአንድ ቀን ጉብኝት የሚያልቅ አይደለም፤ ባለሙያው ደግሞ ደጋግሞ እንዲሄድ በጀትና ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ሕጉ ከሞላ ጎደል ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲያደርግ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር አድልዎን ይከለክላል፤ አሠሪውም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በሴፍቲኔት ፕሮግራምም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ ግዴታ የሚሰጥ ቀጥተኛ ድጋፍ አለ። ይህን ለማያውቅ ቤተሰብ አዋጁ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

መረጃ ሕይወት እንደሚለውጥ የየትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ ያሳያል። ወሎ ሳይንት ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው ልጅ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። ሕግ አጥንታ፣ አካል ጉዳተኞችን ለማገልገል የተቋቋመ ማዕከል ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ብርታቱ የእሷና የቤተሰቧ ነው፤ ግን ሻሸመኔ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መኖሩ ከሳይንት መሰማት ነበረበት።

መርሐቤቴ ባዶ እጁን አይደለም። ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል ዓለም ከተማ ላይ አለ። ሆስፒታሉ አክሞ ሲያሰናብት ታካሚው ቀጥሎ የት እንደሚሄድ፣ ምን ማስረጃ እንደሚይዝና የት እንደሚያድር የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጠው ብዙ መንከራተት ይቀራል። ያንኑ ገጽ በየቀበሌው ለመለጠፍ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱና የአካል ጉዳተኞች ማኅበሩ አብረው ተቀምጠው ሊያዘጋጁት ይችላሉ።