ያረፈደ ባለሙያ ለምን ይዋሻል?

አዳማ ውስጥ ቧንቧና የመብራት መስመር የሚጠግኑ፣ ሮቶ የሚያጥቡ ልጆችን ይዤ እሠራለሁ። በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ፣ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ከደንበኞቼ መካከል ናቸው። ማለዳ ወጥታ ማታ የምትገባ ልጅ ባለሙያ የምታስገባው እሁድ ብቻ ነው። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብለናት ከቀረን ሳምንቱን በጀሪካን ውሃ ስትቀዳ ትከርማለች።

ታዲያ ባለሙያው ሌላ ቤት ሳራቺኔስካ እየፈታ ሳለ ስልኩ ሲጠራ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ብዙ ሰው ይህን የጠባይ ጉድለት ያደርገዋል፤ እኔ አይመስለኝም። ልጁ የሚፈራው ደንበኛዋን ሳይሆን አለቃውን ነው። «አልደረስኩም» ባለ ቁጥር ከተቆጡት ሁለተኛ እውነቱን አይነግርዎትም። ስለዚህ እኛ ዘንድ እንደሚያረፍድ ቀድሞ ያሳወቀ አይወቀስም፤ ደብቆ የተገኘ ግን ይጠየቃል። እሱ ለቢሮ ይደውላል፣ ቢሮው ደግሞ ለደንበኛዋ፦ «ባለሙያው የጀመረውን አልጨረሰም፤ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ካልተመቸሽ ሌላ ሰው እንላክልሽ?» ኦሮምኛ የሚቀላትን በኦሮምኛ እናነጋግራለን። ሰው መዘግየትን ይችላል፤ በር በሩን እያዩ መዋል ነው የሚያንገበግበው።

ቀጠሮ የምትይዘው ልጅም የባለሙያውን ቀን ጢም አድርጋ አትሞላም። የዛገ ቧንቧ ሲነካ ምን እንደሚያወጣ አይታወቅምና በየመሃሉ ክፍት ሰዓት ትተዋለች።

ከሰዓት ቀጥሎ የሚያጣላው ገንዘብ ነው። የሚደውለው ተከራይ፣ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አከራይ ነው፤ አከራዩ ደግሞ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ብሎን ሳይፈታ የብልሽቱ ፎቶ በቴሌግራም ይላካል፤ የዕቃው ዋጋና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይጻፋል፤ አከራዩ «ቀጥሉ» ሲል ሥራው ይጀመራል። አንዲት እናት ሥራው አልቆ ልጁ መሣሪያውን ሲሰበስብ «አሮጌውን ሩቢኔቶ እስቲ አሳየኝ ልጄ» አሉት። ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣቸው። ገልበጥ አድርገው የተበላውን ጥርሱን በጣታቸው ዳሰሱና ያለ ክርክር ከፈሉ። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ሮቶ ስናጥብ ደግሞ «ከታጠበ በኋላ የልጆቼን ጥርስ አያበላሽም አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ወንጂ በስኳር ልማቱ ሠራተኞች ጥርስና አጥንት ላይ ያደረሰው ጉዳት በጥናት የታወቀ ነው። ፍሎራይድ ውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ሮቶ ማጠብም ሆነ ውሃ ማፍላት አያስወግደውም። ባለሙያዎቻችን «እጥበቱ ጭቃና ዝቃጭ ያወጣል፤ ፍሎራይዱን ግን አይነካውም» ብለው እንዲመልሱ ሠልጥነዋል። «አዎ» ማለት ሥራ ያስገኝ ይሆናል፤ በሕፃን ጥርስ የተገኘ ሥራ ግን አልፈልግም።

ከሠራተኛው እውነት የሚጠይቅ አሠሪ ለሠራተኛው በሚገባው ነገር ሊዋሽ አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አያልፍም፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በትርፍ ሰዓት የሠራ የሰዓት ክፍያው እጥፍ ነው። ለእኛ እሁድ ዋናው ቀን ስለሆነ በተራ እንገባለን፤ ዝርዝሩ ቀድሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ድንገት እሁድ ጠዋት «ና» የተባለ ልጅ ተነጫንጮ ነው የሚሄደው፤ ንጭንጩንም የምትቀበለው ደንበኛዋ ናት።

አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኛው ስልኩን ለደንበኛ እንዳይሰጥ ይከለክላሉ፤ ደንበኛ ይወስድብናል ብለው ነው። እኔ አልከለክልም። ክፍያው በቴሌብር በድርጅቱ ስም ይገባል፤ «ያኛው ልጅ ይምጣልን» ተብሎ በስሙ ለተጠራበት ሥራ ደግሞ ከእጅ ዋጋው ድርሻ እከፍለዋለሁ። በስሙ ከተጠራ ጥሪውን ራሱ ወደ ቢሮ ያመጣዋል።