እህል ሳይደርስ የሚገባ ዕዳ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛው ለባለመሬቱ የነበረበትን ኪራይ፣ ዕዳና ግዴታ ሁሉ ሰረዘ። ዛሬ በጉቶ ጊዳም ሆነ በሌላው ወለጋ ገበሬውን የሚያስረው ሌላ ዕዳ ነው። በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ከነጋዴ ገንዘብ ይቀበልና በቆሎውን ገና በማሳ ሳለ ይሸጣል። በአንድ ሺህ ብር አንድ ኩንታል ሊያስረክብ ተዋውሎ በታኅሣሥ ዋጋው ሁለት ሺህ ቢደርስ፣ የድካሙ ገሚስ ለአበዳሪው ሄደ ማለት ነው። ከቀድሞው የእኩል እርሻ በምን ይለያል? ባለዕዳ ደግሞ በስብሰባ ላይ አበዳሪውን ደፍሮ አይናገርም፤ ይህን እናንተ የማኅበር መሪዎች ታውቁታላችሁ።

የሠርጉ ድግስ በጎረቤት ዓይን እየተለካ መደገሱ ዕዳውን ያብሰዋል። ይሁንና ቆጥብ ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ በሬ የሞተበት ሰው ከምኑ ይቆጥባል? እርሱን የሚያነሣው በተራ የሚተጋገዙበት ዳዶ ነው። ከዚያም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በመኸር ከአባላቱ ጥቂት ጥቂት እህል ተቀብሎ በክረምት ለተቸገረው ያለ አራጣ ቢያበድር መልካም ነው። የጎተራውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝና መዝገቡን ማን እንደሚመረምር ጠቅላላ ጉባኤው ከመኸሩ በፊት ይወስን።