ዳፍንት ከሆድ ሲነሳ



ባለፈው ሴሚስተር ከመግሪብ ሶላት ስንመለስ አንድ ጓደኛችን ደረጃ እየሳተ ይደናቀፍ ነበር። ቀን ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳውን አጥርቶ ያነባል፤ ሲመሽ ግን ክንዳችንን ይይዛል። ግማሾቻችን መነጽር፣ ግማሾቻችን ካሮት አዘዝንለት። ሐኪሟ ግን የጠየቀችው ስለ ሆዱ ነው። ለካ ከዓመት በላይ ተቅማጥ ይመላለስበታል፤ በተነሳበት ቁጥር «ጃርዲያ ነው» እያለ ሳይመረመር ክኒን ይገዛል። (ይህን ያላደረገ ዶርም ካለ ይንገረን!)

ሆድና ዓይንን የሚያገናኘው ቫይታሚን ኤ ነው። በደብዛዛ ብርሃን የምናየው ሬቲና ላይ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ሲሆን፣ እነሱም ብርሃን የሚቀበሉበትን ሮዶፕሲን ለመሥራት ቫይታሚን ኤ ያስፈልጋቸዋል። ቫይታሚኑ በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ትንሹ አንጀት የሚመጥጠው ከቅባት ጋር ነው፤ ለዚህም ሐሞትና የቆሽት ኢንዛይም ያግዛሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲታወክ ቅባቱ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ ቫይታሚኑም አብሮት። ጃርዲያም የሚቀመጠው እዚያው ትንሹ አንጀት ላይ ነው።

የሳምንት ተቅማጥ ዳፍንት አያመጣም። ጉበት ለወራት የሚበቃ ቫይታሚን ኤ ያከማቻል፤ አሳሳቹም ይህ ነው፣ ጎተራው እስኪያልቅ ምንም አይታወቅም። ሰገራው ፈዛዛ፣ ቅባታምና ሽታው የከፋ ከሆነ፣ ክብደትም ከቀነሰ ምርመራ ያስፈልጋል። ዳፍንት በጊዜ ከታከመ ይድናል። ችላ ሲባል ግን ዓይን ይደርቃል፣ የፊተኛው ብሌን ይቆስላል፣ ያኔ የጠፋው እይታ ላይመለስ ይችላል።

ካሮት፣ ዱባና ጎመን ጥሩ ናቸው፤ በዘይት ቢሠሩ ደግሞ ይበልጥ ይመጠጣሉ። አንጀቱ ካልመጠጠ ግን ሳህን ሙሉ ካሮትም ብዙ አይረዳም፤ መጀመሪያ መታከም ያለበት አንጀቱ ነው። የቫይታሚን ኤ ክኒን ያለ ሐኪም አትጀምሩ። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር እህቶች ላይ ደግሞ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። እንደ ክሮንስ ያሉ የአንጀት ቁጣ በሽታዎች የዓይንን ውስጥ ሊያስቆጡ ይችላሉ። ዓይን ቀልቶ ካመመና ብርሃን ካስጨነቀው ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።

ክሊኒክ ስትሄዱ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ተናገሩ። ጓደኛችን ስለ ዓይኑ ሲናገር ሆዱን ያልጠቀሰው አፍሮ ነበር።