ከደብረ ማርቆስ እስከ ሰርቨሩ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ የያዘ ሁሉ ነጭ ገጽና የምትሽከረከር ክብ ላይ ያፈጣል። «ኔትወርኩ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነትም ኔትወርኩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ድረ ገጹን የሠራው ሰው ጋ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንየው። ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ጀርመን ቢሆን፣ ከማርቆስ የተነሣው ጥያቄ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በጅቡቲ በኩል የባሕር ስር ገመድ ይይዝና ቀይ ባሕርን አቋርጦ አውሮፓ ይደርሳል። ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ከ70 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም። ይህ ብቻውን ምንም አልነበረም። ግን ስልኩና ሰርቨሩ መጀመሪያ መስመር ይከፍታሉ፣ ቀጥሎ በምስጢራዊ ቁልፍ ይስማማሉ፣ ገጹ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በየደረጃው ያንኑ መንገድ ሄዶ መመለስ አለ። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ በቅርብ ዓመታት እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ሰርቨሩ እዚያ ቢቀመጥ የብርሃኑ ደርሶ መልስ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው።

ጥያቄው ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሰርቨሩ ሥራ አለ። ጉግል የመጀመሪያዋ ባይት በ0.8 ሰከንድ ውስጥ ብትደርስ ጥሩ ነው ይላል። በውጤት ቀን ይህ የሚበላሸው ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ዳታቤዙን ከፍቶ፣ ፈልጎ፣ ገጹን እንደ አዲስ ስለሚያዘጋጅ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊጥ ማቡካት። የወጣ ውጤት በየደቂቃው አይለዋወጥም። የእያንዳንዱ ተማሪ ገጽ ማታውኑ ተሠርቶ ቢያድር ሰርቨሩ ማቀበል ብቻ ይቀረዋል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ቀላል መላ ስንት ቦታ እንደሚዘለል ነው።

ክብደትም አለ። የአማርኛ ፊደል ኢንተርኔት ላይ 3 ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ 1። ፊደላችንን ለመውቀስ ግን አንቸኩል፦ 5,000 ፊደል ያለው ረጅም ጽሑፍ 15 ኪሎባይት ቢሆን ነው፣ ሲጨመቅ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ገጹ አናት ላይ የተሰቀለ አንድ የሪባን ቆረጣ ፎቶ ሳይቀነስ ከገባ 3 ሜጋባይት ይሆናል፤ የጽሑፉ 200 እጥፍ። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤትን በቴሌግራም ቦትም መስጠቱ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የሚላከው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

ድረ ገጽ ያለው መሥሪያ ቤት ችግሩን በቀላሉ መለየት ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ክሮምን ከፍቶ ኤፍ 12ን ተጭኖ የኔትወርኩን ክፍል ያያል። መጠበቁ ከረዘመ ርቀቱ ወይም ሰርቨሩ ነው፤ ማውረዱ ከረዘመ ፎቶው ነው። ሙከራው ግን በቢሮ ፋይበር ሳይሆን በሞባይል ዳታ ይሁን፣ ቢቻል ከማርቆስ ወጣ ብሎ።