ከወንፈል የቀረ ሁሉ ልግመኛ ነው?

ባለፈው ክረምት ለቤተሰብ ጉዳይ ወረታ ከርሜ ነበር። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚታረምበት ሰሞን በመሆኑ ወንፈሉ በየማሳው ደርቶ ነበር። አንድ ማለዳ ሰው ሲቆጠር አንድ አባወራ ጎደለ። «የራሱን አሳርሞ ቀረ፤ ከእንግዲህ እሱን ማን ይሄድለታል?» አለ አንድ ጎረምሳ። አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ግን «ተው ልጄ፣ ርብ ሞልቶ እንደሆነስ? ሰው ልከን እንጠይቅ» አሉት።

ገረመኝ። ምክንያቱም አንድ የኮምፒዩተር መምህር ወዳጄ ለመንገድ ብሎ የሰጠኝ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለዚሁ ጉዳይ ነበር፤ በተንቀሳቃሽ ገመድ አልባ መረብ ውስጥ የሚለግሙ መሣሪያዎችን በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ (ጌም ቲዎሪ) ስለመለየት። ሕግ ለተማርኩት ለእኔ ሒሳቡ ዳገት ቢሆንብኝም ጭብጡ ግን የገዛ ሙያዬ ነው፤ ማስረጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅ ስልካችን የሚሠራው በኔትወርክ ማማ በኩል ነው። ማማ በሌለበት ወይም ጎርፍ በጣለው ሥፍራ ግን መሣሪያዎቹ ራሳቸው መልእክት እየተቀባበሉ መረብ ሊሠሩ ይችላሉ። የእርስዎ መልእክት በእኔ በኩል፣ የእኔም በጎረቤቴ በኩል ያልፋል። እያንዳንዱ ቅብብል ታዲያ ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ብልጣብልጡ የራሱን ያስተላልፍና የሌላውን ይጥላል። ሁሉም እንዲህ ካሰበ መረቡ ሞተ ማለት ነው።

ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ዓይነቱን አጣብቂኝ በ1950 እ.ኤ.አ. በጨዋታ መልክ ቀመሩት፤ ተነጥለው የሚመረመሩ ሁለት እስረኞችን ታሪክ የጨመረበት አልበርት ተከር ነው። ጨዋታው አንዴ ብቻ ከሆነ መክዳት ያዋጣል። ነገም ከነገ ወዲያም የሚቀጥል ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. ሮበርት አክስልሮድ ባዘጋጀው የኮምፒዩተር ውድድር ያሸነፈው የአናቶል ራፖፖርት አጭር ፕሮግራም ነበር፤ በመጀመሪያ ተባበር፣ ከዚያ ባልንጀራህ ያደረገውን መልስ። የፎገራ ገበሬ ይህን ወንፈል ይለዋል።

ችግሩ ባልንጀራ ያደረገውን ማወቁ ላይ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች «ጠባቂ ውሻ» ያሉትን ዘዴ አቀረቡ። መሣሪያው መልእክቱን ለጎረቤቱ ከሰጠ በኋላ ጆሮውን ጥሎ ጎረቤቱ ወደፊት ማስተላለፉን ያዳምጣል። ዝምታው ሲደጋገም ጎረቤቱ ልግመኛ ይባልና መልእክቶች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። (እዚህ ላይ ሳቅኩ፤ የራሱ መልእክት ሳይታገድ የሰው ሸክም ብቻ ከተነሳለት ልግመኛው ተቀጣ ወይስ ተሸለመ? በኋላ የመጡት ዘዴዎች የእሱንም መልእክት ወደማገድ ሄደዋል።)

ደግሞስ አለመስማት አለመሥራት ነው? ጎረቤቴ በትክክል ሲያስተላልፍ ሌላ መሣሪያ በእኔ አጠገብ ከተናገረ ድምፆቹ ይጋጩና ምንም አልሰማም። ያላጠፋውን በጥፋተኝነት እመዘግባለሁ፣ የእሱን መልእክት እጥላለሁ፣ እሱም የእኔን ይጥላል። በአንድ ስህተት የተጀመረ ደም መመላለስ ይሆናል። ጥርጣሬዬን ለሌሎች ካወራሁ ደግሞ የስሚ ስሚ ማስረጃ መሆኑ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ጥፋተኛ ሆኖ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ለመሣሪያውም ይህ መብት ቢሰጠው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ስሌቱ ይቅርታን ይጨምራል፤ ከጉድለቶች የተወሰኑት ሳይቀጡ ይታለፋሉ። ብዙ ከታለፈ ግን ብልጣብልጡ ልኩን አውቆ ከልኩ በታች ይለግማል። ሁልጊዜ ማዳመጥም ባትሪ ይጨርሳል። መላው ክትትሉን በማይገመት ጊዜ፣ በዕጣ ማድረግ ነው። ልግመኛው መቼ እንደሚታይ ካላወቀና ቅጣቱ ከበድ ካለ፣ ጥቂት ክትትል ይበቃል። ልኩን የት እናስምር የሚለው ነው አሁንም የሚያከራክረው። እኔ በበኩሌ አንድ ንጹሕ ከሚባረር ሁለት ልግመኛ ቢታለፍ እመርጣለሁ፤ ወዳጄ ግን «መረብ ፍርድ ቤት አይደለም» ይለኛል።

የተላከው ልጅ ረፋዱ ላይ ተመለሰ። ውኃው መሻገሪያውን ቆርጦት ኖሯል። በማግሥቱ ማሳው ላይ ቀድሞ የደረሰው ያ አባወራ ነበር። ሽማግሌው በሙሉ ፈገግታ ተቀበሉት፤ የጎደለችውን ቀን ግን አልሰረዙለትም።