ስልኩ አልሰማንም፤ ዱካችንን ተከተለ

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በይፋግ፣ ሩዙ ታጭዶ፣ የርብ ውሃ እየጎደለ፣ በመስኖ የተተከለው ሽንኩርት ውሃ በሚጠማበት በጥር ወር፣ አንድ ገበሬ ስልኩን ከፍቶ የውሃ ፓምፕ ማስታወቂያ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ጆሮ አለው እንዴ? ማታ ከልጄ ጋር የተነጋገርነውን ጧት ይዞልኝ መጣ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ቃል ከነጋዴም፣ ከመምህርም፣ ከካህንም ሰምቼዋለሁ፤ ስልካችን በማይክሮፎኑ ሌት ተቀን እያዳመጠ ለነጋዴ ይሸጠናል የሚለው ወሬ ያለ ማስረጃ ሲዛመት እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልሁም ይህን ጻፍሁ። ወሬው እውነትን መሳቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ሌባው በጓሮ እየገባ ሳለ ቤተ ሰቡን ሁሉ የፊት በር ጠባቂ አድርጎታልና ጎጂ ነው።

የማይክሮፎኑን ነገር ባጭሩ ልጨርስ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 17,260 የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን በመረመሩ ጊዜ ድምፅ በስውር እየተቀዳ ለመላኩ ማስረጃ አላገኙም፤ ያገኙት ሌላ ነበር፤ ይኸውም አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ሰው በስልኩ ገጽ ላይ የሚሠራውን በምስል እየቀረጹ ለሦስተኛ ወገን መላካቸው ነው። ሒሳቡም ከወሬው ጋር አይስማማም፤ ስልኩ ንግግር ለመለየት በሚበቃ ዝቅተኛ ጥራት በሴኮንድ 3 ኪሎባይት ብቻ እየላከ 16 ሰዓት ቢያዳምጥ በቀን 170 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ በብር የገዛውን ጥቅል ቆጥቦ የሚጠቀም የይፋግ ሰው ይህ ሁሉ ሲያልቅበት ሳያውቅ አይቀርም። ይልቁንም ገበሬውን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ አባት ከተኛ በኋላ ልጁ በዚያው ስልክ ስለ ፓምፕ ሦስት ቪዲዮ ተመልክቶ ነበር። ምሥጢሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ያየነውን ተከትሎ ማስታወቂያ የማምጣቱ ሥራ የሚከናወነው ቀደም ሲል በተተከለ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ኩባንያ መሐንዲስ፣ አንድ ድረ ገጽ ጎብኚውን ዳግመኛ በመጣ ጊዜ እንዲያውቀው፣ በጎብኚው ኮምፒዩተር ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ጽሑፍ አበጀ፤ ስሟንም ኩኪ አለው። (ቃሉ በባሕር ማዶ የብስኩት ስም ስለሆነ ለእኛ አንዳች አይገልጽልንም፤ እኔ «ምልክት» ብንለው እመርጣለሁ፤ እረኛ ከብቱን ከሌላው መንጋ የሚለየው በምልክት ነውና። ሰው ኩኪ ማለትን ስለ ለመደ ግን ልማዱን አልቃወምም።) በስልክ ላይ ደግሞ የኩኪን ሥራ የሚሠራው «የማስታወቂያ መለያ» የተባለው፣ ሠላሳ ሁለት ቁጥርና ፊደል የተሰካካበት፣ ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ የሚከተለን ስም ነው። የአባትን ስም አይጠራም፤ ነገር ግን ባለቤቱ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚያነብ፣ መቼ እንደሚነቃ በዚህ ስም ሥር ይከማቻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጨረታው ልግባ። በ19ኛው መቶ ዘመን ይፋግ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት፣ ኬላ የቆመባት ስመ ጥር የበጌምድር ገበያ ነበረች፤ በእንዲህ ያለ ገበያ በሬ ሲሸጥ ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። ደላላው በሬውን ገትሮ ይይዛል፤ ገዦቹ ጥርሱን ገልጠው ዕድሜውን ይገምታሉ፣ ሻኛውን ይዳስሳሉ፣ አረማመዱን ያያሉ፤ ከዚያም ዋጋ ይጠራሉ። በሬውን የሚነዳው አንዱ ነው፤ ጥርሱን ያዩት ግን ሁሉም ናቸው። እንዲሁ አንድ ሰው ዜና ሊያነብ ገጽ በከፈተ ጊዜ፣ ገጹ ገና ሳይሞላ፣ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ፣ የስልኩ ዓይነት፣ የሚገኝበት አካባቢ፣ የማስታወቂያ መለያው፣ የሚያነበውም ርእስ ተጠቅልሎ ለብዙ ተጫራቾች ይሰራጫል፤ የእያንዳንዱም ኮምፒዩተር ያንን ሰው ከቀድሞ መዝገቡ ጋር አስተያይቶ ዋጋ ይጠራል፤ ያሸነፈውም ማስታወቂያውን ያስቀምጣል። የተሸጠው የዚያ ሰው የአንድ አፍታ ትኩረት ነው። የማያስተኛኝም አሸናፊው አይደለም፤ ጥርስ አይተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ናቸው፤ እነርሱ ምንም ሳይከፍሉ ያዩትን በመዝገባቸው ሊያኖሩ ይችላሉና፤ ይህም በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየገጹ ይደጋገማል። ንስሐ አባት የሰማውን እንዳይገልጥ ቀኖና ያስረዋል፤ ይህን ገበያ ግን የሚያስረው ሕግ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚያከራክሩትን ነገሮች መለየት ይገባኛል። ፌስቡክ ጨረታውን የሚያካሂደው በራሱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ የሰውየውን መዝገብ ለተጫራቹ አይሰጥም፤ መዝገቡን ራሱ ያከማቻል እንጂ፤ ስለዚህ ያልሁት ሁሉ በእርሱ ላይ በአንድ መልክ አይደርስም። ቴሌግራም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 በቻናሎች ላይ ማስታወቂያ ሲጀምር የሚመራው በቻናሉ ርእስ እንጂ በአንባቢው ጠባይ እንዳልሆነ ገልጿል፤ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ሞፈር በሚሸጥበት ተራ ስለ ማረሻ እንደ መጣራት ነው። በአሜሪካ ኮክስ ሚዲያ ግሩፕ የተባለ ድርጅት የሰውን ንግግር የሚያዳምጥ አገልግሎት እንዳለው ለደንበኞቹ ሲያስተዋውቅ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2024 በሰፊው ተዘግቧል፤ ሆኖም የሻጭ ፉከራ ለሥራው ማስረጃ አይሆንም። ማይክሮፎን የሚከፍት የስለላ ሶፍትዌር ግን በእርግጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳው የምርምር ተቋም ሲትዝን ላብ በውጭ አገር በሚኖሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ መሞከሩን አጋልጧል። እርሱ በተመረጠ ሰው ላይ የሚወረወር ጦር ነው፤ ማስታወቂያው ግን በሁሉ ላይ የተዘረጋ መረብ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ግላዊነትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ሕጋዊ ምክንያት ሳይኖር እንዳይሰበሰብ ደንግጎ፣ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ሕግ በእውነት ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ ለማየት፣ የአየርላንድ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በዚሁ ጠባይን ተከትሎ በሚቀርብ ማስታወቂያ ምክንያት 390 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ማስታወስ ይበቃል።

አዋጁ በሚገባ በሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው ሴቲንግ ከፍቶ፣ ጉግል በሚለው ሥር ማስታወቂያ የሚለውን ፈልጎ፣ መለያውን ይሰርዝ፤ መተግበሪያ ሁሉ ያለበትን ቦታ እንዳያይ ይከልክል፤ ስልኩን ለልጁ ሲሰጥም ዱካው በስሙ እንደሚጻፍ ይወቅ። የይፋጉ ወዳጄ መለያውን የሰረዘው አጠገቤ ቆሞ ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።